ጌትነትዎ ያላለ አፍ

በቅሎዋ ወደ ወንዙ ቁልቁለቱን ስትወርድ ዶን ሱዌሮ ገና እየተናገረ ነበር። ከቪያሴካ ከወጣን ጀምሮ አፉ አልተዘጋም። እሱ ከፊት፣ እንደ ሳህን የተዘረጋ ነጭ ኮሌታውን አንገቱ ላይ ደፍቶ፤ ልጁ ዶኛ ሜንሲያ በሁለተኛዋ በቅሎ ከመሀል፤ እኔ ቶሪቢያ፣ የቤቱ ገረድ፣ ጓዙን የተሸከመችውን አህያ እየነዳሁ በእግሬ ከኋላ። ንፋሱ የሚናገረውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ እኔ ያመጣዋል። ከዚያ አፍ የሚወጣ ነገር ድሮም የሚያርፈው እኔ ላይ ነበር።

እሱ እያልኩ የምተርከው ስለሞተ ነው። በሕይወቱ ሳለ ሰምቶኝ ቢሆን ጀርባዬን በበትር ይልጠው ነበር።

«ዳኞቹ ፊት ቆሜ የቅድመ አያቴን ብራና እዘረጋዋለሁ» ይላል። «ማኅተሙን በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ ያ የበግ ጠጉር ሻጭ የሚገባበት ጉድጓድ ይጠፋዋል!»

የበግ ጠጉር ሻጩ ፓስኩዋል የሚባል ጎረቤታችን ነው። የሆሳዕና ዕለት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ «አንቱ ዶን ሱዌሮ፣ እንደምን አደራችሁ?» አለው። ሌላ ምንም አላለም። ክስ ልንመሠርት ወደ ቫያዶሊድ የምንጓዘው ለዚህ ነበር።

የዛሬ ልጆች ይህ ምኑ ያስከስሳል ትሉ ይሆናል። ያኔ ሰው የሚጠራበት ሦስት እርከን ነበረ። አንተ የሚባለው እግዚአብሔር፣ ሕፃን፣ ውሻ፣ እንደ እኔ ያለም ገረድ ነው። አንቱ በአያቶቻችን ዘመን ንጉሥ ይጠራበት የነበረ ቃል ነው፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ረክሶ ረክሶ እኛ ዘንድ ሲደርስ የጫማ ሰፊና የአንጥረኛ መጠሪያ ሆኖ ነበር። ክብር አለኝ የሚል ሰው «ጌትነትዎ» ካልተባለ ፊቱ ላይ እንደተተፋበት ይቆጥረዋል። ለዚህ ብለው ሆድ ዕቃቸው የተዘረገፈ አሉ። የዓለምን ግማሽ የሚገዛው ንጉሣችን ፊሊፕ እንኳ፣ ሌላ ሥራ ያጣ ይመስል፣ ማን ማንን ምን ብሎ ይጥራ የሚል አዋጅ ካወጣ ስምንት ዓመት ሆኖት ነበር።

ዶን ሱዌሮም ያን ዕለት ጎራዴውን ሊመዝ እጁን ሰዷል። ጎራዴው ግን ዝጎ ከሰገባው ጋር ተጣብቋል። አንዴ ሳበው፣ ሁለቴ ሳበው፣ እምቢ አለ። ሕዝቡ ዘንባባውን እንደያዘ ቆሞ ያያል። ፓስኩዋል ራሱ አዝኖለት «ይተዉት ግድ የለም፣ ሌላ ቀን ይወጣል» አለ። እኔ የሻሼን ጫፍ ነክሼ ነው ሳቄን የዋጥኩት።

እንዲህ ያለ ጌታ ነበር ያደርኩለት። ጣሪያው ያፈሳል፤ መጠገን ግን የእጅ ሥራ ነውና ክብር ይነካል። ልጁ ሃያ ሰባት ዓመት ሞልቷታል፤ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ልጅ፣ ጤነኛ፣ ጥርሱ የሞላ ልጅ፣ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ዶን ሱዌሮ ግን የልጁ አባት ጨዋነት ጎድሎታል ብሎ ሽማግሌዎቹን ሳያስቀምጥ መለሳቸው። እሷም ዝም አለች። እናቷ በወሊድ ስለሞተች ጡት ያጠባኋት እኔ ነኝ፤ ዝምታዋን አውቀዋለሁ። እሺ ማለቷ እንዳልነበረ አውቅ ነበር።

ወንዙ ዱዌሮ በበልግ ዝናብ ሞልቷል። መሻገሪያው ድንጋይ ላይ ሙልጭልጭ ያለ አረንጓዴ ነገር በቅሏል። «ጌታዬ፣ ይውረዱና በእግር ይሻገሩ» ብዬ ጮህኩ። ዞሮ ሊሰድበኝ ወገቡን ሲጠመዝዝ የበቅሎዋ የፊት እግር ሸተት አለ። እሱ ከታች፣ በቅሎዋ ከላይ ሆኑ። ስትነሳ እግሩ እንደ ደረቅ እንጨት ቀው ሲል ሰማሁ። አጥንቱ ጥቁሩን ረጅም ካልሲ ቀዶ ወጥቷል። ጀግና ነኝ ሲል የኖረው ሰው እንደ ፍየል ጮኸ።

ማዶ ኦልሚዮ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። ሁለት ገበሬዎች በር ነቅለው አመጡና በሩ ላይ አጋድመው የካሲልዳ ማደሪያ ቤት አስገቡት። ካሲልዳ ባሏ የሞተባት ወፍራም ሴት ነች፤ እግሩን አየችና አማተበች።

«ወጌሻ አለን» አለች። «እንዲህ ያለ ወጌሻ ቫያዶሊድም አይገኝ። ቤርናል ፒኔዶ ይባላል፤ በፍላንድርስ ዘመቻ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የወታደር አጥንት ሲጠግን ኖሯል። ብቻ አንድ ነገር አለው። አንቱ ሲሉት አይወድም።»

እኔና ዶኛ ሜንሲያ ተያየን።

ቤርናል መጣ። ጥቁር ቆዳ ከረጢት ይዟል፤ ጸጉሩ ሸብቷል፣ ግራ ጆሮው በጎራዴ ተቆርጧል። ደጃፉ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ፣ «ጌትነትዎን ምን አገኘብን?» አለ፤ እንደ ሥርዓቱ።

ዶን ሱዌሮን ላብ አጥምቆታል። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። ያም ሆኖ አገጩን ቀና አደረገ። «አንቱ ወጌሻ፣ ወዲህ ቅረቡና ይህን እግር እዩልኝ» አለ።

ቤርናል አልተንቀሳቀሰም። «ልንገርዎት ጌታዬ። እኔ አንትወርፕ ከተማ ግንብ ሥር የመስፍን ልጅ ሆድ ሰፍቻለሁ፤ አንጀቱን በገዛ እጁ ይዞት ነበር። ጌትነትዎ ነው ያለኝ።»

«የጨነቀው ሰው ያገኘውን ይላል።»

«ጌትነትዎስ አልጨነቀዎትም?»

«የተሰበረው እግሬ ነው፤ ምላሴ አልተሰበረም። የፂም ላጭ ልጅ እንደሆናችሁ ፊታችሁ ይናገራል። ያዙ እግሩን!»

ቤርናል ባርኔጣውን መልሶ አጠለቀ። «እንግዲያው ያ ምላስ ይጠግንዎት» ብሎ ወጣ።

ለማንኛቸውም አላዘንኩም። አንዱ አጥንቱ ወጥቶ ስለ አያቱ ያስባል፤ ሌላው እጁ ላይ ጥበብ ይዞ በአንዲት ቃል ያኮርፋል። በካሲልዳ ጓሮ ውስጥ ለአንድ ቁራሽ ትል የሚናቆሩ ሁለት አውራ ዶሮዎች ነበሩ፤ ከእነሱ ጋር ቢያስሯቸው ማንም አይለያቸውም ነበር።

በማግስቱ እግሩ እንደ ዱባ አበጠ። የመንደሩ ቄስ አባ ሲፕሪያኖ መጡ። ደግ ሰው ናቸው፤ ሆዳቸውን ይወዳሉ። ነገሩን ሰሙና ሳቁ። «ይህማ ቀላል ነው» አሉ። «ማንም ማንንም አይጥራ። ነገሩ ብቻ ይነገር። እግዚአብሔር ሰዋስውን የፈጠረው ለእንዲህ ያለ ቀን አይደል?» ሁለቱንም አሳመኑ። ቤርናል ከረጢቱን ይዞ ተመለሰና በሩ አጠገብ ቆመ። አባ ሲፕሪያኖም የካሲልዳን የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ይዘው ከመሀል ተቀመጡ።

«እግር ይታይ» አለ ዶን ሱዌሮ ጣሪያውን እያየ።

«በማን ይታይ?» አለ ቤርናል።

«በሚያውቅ ሰው ይታይ።»

«የሚያውቅ ሰው የት ይገኛል?»

«በሩ አጠገብ ይገኛል።»

አባ ሲፕሪያኖ ማንኪያቸውን ከፍ አድርገው አሞገሱ። ቤርናል ቀረበ፣ ተንበረከከ፣ ፋሻውን ፈታ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተስፋ አደረግሁ። ጣቶቹ ቀጫጭን ነበሩ፤ ከመንካታቸው በፊት የሚያስቡ ጣቶች ነበሩ። አጥንቱን ዳበሰ። ከዚያ «አሁን ይጎተታል፤ ያማል» አለና ተረከዙን ያዘ።

ሕመሙ አናቱ ላይ ሲወጣ ዶን ሱዌሮ፣ «ቀስ በሉ አንቱ! ቀስ በሉ አንቱ በግ አራጅ!» ብሎ አገሳ።

ቤርናል ተረከዙን ለቀቀው። እግሩ ፍራሹ ላይ ዱብ ሲል የሰማሁት ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወጌሻው እጁን በጨርቅ ጠርጎ፣ ለማንም ምንም ሳይል ወጣ። አባ ሲፕሪያኖ ሾርባቸውን ጨረሱ። «ሰዋስው ከጎደለ ምን ይደረግ» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ክፍሉ ሸተተ። ፋሻውን ስገልጠው ሥጋው ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ባቱ አጋማሽ እንደ ጠቆረ ወይን ሆኗል። ዶኛ ሜንሲያ አየችና ጥቁር መጎናጸፊያዋን አንስታ ወጣች። ተከተልኳት።

ቤርናል ቤቱ ግቢ ውስጥ ግንድ ላይ ተቀምጦ ባቄላ ይፈለፍላል። አስቀድሞ ያወቀ ይመስል ቀና ብሎም አላየንም። ሜንሲያ ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

«ጌትነትዎ» አለችው። «ስለ አባቴ እኔ ልበልዎት። ጌትነትዎ፣ ጌትነትዎ፣ ጌትነትዎ። ስንት ጊዜ ነው የሚበቃዎት?»

«ይነሡ እመቤቴ» አለ። ቆሞ አነሣት። «ከእርስዎ የምፈልገው የለኝም።»

«ምን በድሎዎት ነው? ሽማግሌ ነው። ሞኝ ነው። ሌላ ያለው ነገር የለም፤ ብራናውና አፉ ብቻ ናቸው።»

ቤርናል ባቄላውን አስቀመጠ። «አባቴ በእውነት ፂም ላጭ ነበር» አለ። «የሳንቲላና ገበያ ላይ አንድ ጌታ አለፈ፣ እንደ አባትዎ ያለ። አባቴ መንገድ ለቆ 'ምን ፈለጋችሁ ጌታዬ' አለው። 'ምን ፈለጉ' ማለት ነበረበት። ቃሉ አምልጦት ነው። ሰውዬው አሽከሮቹን አዞ አደባባይ ላይ በዱላ አስቀጠቀጠው። ከዚያ ወዲያ አባቴ ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም። እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።»

ሜንሲያ ከቀሚሷ ላይ ጭቃውን አራገፈች።

«ኩራት ይመስልዎታል» አለ። «ፍርሃት ነው። ያ እግር አሁን ይቆረጣል እንጂ አይጠገንም። መጋዙን ይዤ ሳለሁ እንደ ትናንቱ ቢለኝ እጄን አላምነውም። ትናንትም የለቀቅሁት እንዳልጠመዝዘው ነው።»

እዚህ ላይ፣ አልክድም፣ ለቤርናል ያለኝ ንቀት ትንሽ ቀነሰ። ለዓለሙ ያለኝ ግን ጨመረ።

ሜንሲያ ወደ ማደሪያ ቤቱ ዞር ብላ አየች። «ባይናገርስ?» አለች።

«ሰው እግሩ እየተቆረጠ ዝም አይልም።»

«እሱን ለእኔ ይተዉልኝ። ብረቱን አግለው ይከተሉኝ።»

ስንመለስ ዶን ሱዌሮ ነቅቷል። ዓይኑ በትኩሳት ይንቦገቦጋል። ሜንሲያ በክብር ነገረችው። «ጌታዬ አባቴ፣ እግርዎ ይቆረጣል። ካልተቆረጠ እስከ እሑድ አይደርሱም። አፍዎ ላይ ጠፍር ይደረግና ይነክሳሉ፤ ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም።»

«አፌን?» አለ። «እንደ በቅሎ? ልጓም? እኔ የባራኦና ቤት ልጅ? አፌ እንደተከፈተ እሞታለሁ። ያን ፂም ላጭ አስወጡልኝ። አንቺም ውጪ። ልጄ ከሆንሽ ሎሌ ፊት እንዲህ አታዋርጂኝም።»

«እባክዎ ጌታዬ።»

«ውጪ ብያለሁ!»

ከዚያ የሆነውን ካሲልዳም አይታለች፣ ቄሱም አይተዋል። ሜንሲያ አልጋው ላይ ጎንበስ አለች። አፍንጫዋ አፍንጫውን ሊነካ ደርሷል። በሃያ ሰባት ዓመቷ በአባቷ ፊት ሳይፈቀድላት ተቀምጣ የማታውቅ ልጅ ነች። ድምፅዋን ሳትጨምር፣

«አንተ» አለችው። «ዝም በል።»

የዶን ሱዌሮ አፍ በድንጋጤ ወለል ብሎ ተከፈተ።

እኔ የበቅሎዋን የልጓም ጠፍር ጥቅል አድርጌ ከጀርባዬ ይዤ ነበር። ወረወርኩበት ማለት ይቀላል። ጥርሱ መሀል አስገብቼ ማጅራቱ ላይ አሰርኩት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከዚያ አፍ ስድብ ስቀበል ኖሬ ያን ቀን አንድ ነገር መለስኩለት። ደስ አለኝ። ኃጢአት ነው ካላችሁም ደስ አለኝ።

ሁለቱ ገበሬዎች ትከሻውን ያዙ፤ ካሲልዳ ደኅናው እግሩ ላይ ተቀመጠች፤ ተቀምጣበት ማን ያንቀሳቅሰዋል! ቤርናል ከጉልበቱ በላይ ገመዱን በእንጨት ጠምዝዞ አጠበቀ። ቢላዋው፣ መጋዙ፣ የጋለው ብረት። ከአንድ አቡነ ዘበሰማያት እምብዛም አልረዘመም፤ አባ ሲፕሪያኖ እየደገሙ ነበርና አውቃለሁ። ወጌሻው በየመሀሉ በዝግታ ይናገራል፣ «ጌትነትዎ ይጽና፣ አሁን አጥንቱ ጋ ደርሰናል። ጌትነትዎ ይታገሥ፣ አለቀ። ጌትነትዎን አመሰግናለሁ።» ዶን ሱዌሮ ከጠፍሩ ሥር ሲያጓራ ሁላችንም ምን እያለ እንደሆነ ገብቶናል። ግን ፊደል አልነበረውም።

ዳነ። እንዲህ ያለ ሰው በቀላሉ አይሞትም። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደና ጠፍሩ የቆረሰውን ከንፈሩን ላሰ። ሜንሲያ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ያን ሁሉ ሌሊት ያደረችው እሷ ነች። ቀና ብሎ አያት።

«አንቱ ሴት» አለ። «ውሃ አምጡልኝ።»

በትኩሳቱ የሚቃዥ መሰላት። «እኔ ነኝ ጌታዬ፣ ሜንሲያ ነኝ» አለችው።

«ውሃ ብያችኋለሁ፤ ስማችሁን አልጠየቅሁም።»

ለአባ ሲፕሪያኖ ልጄ ዱዌሮ ወንዝ ውስጥ ሰጥማ ሞታለች ብሎ ነገራቸው። ይህችኛይቱ ማደሪያ ቤቱ የቀጠረልን ሠራተኛ ነች፤ ቀጥ ያለች ናት፣ ቋንቋዋ ግን የገበያ ነው፣ አላቸው። ቄሱ እኔን አዩኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ «አንቱ» እየተባለች ውሃ አመጣችለት፣ ፋሻ አጠበችለት፣ ትራሱን አስተካከለችለት። አንድ ቀን ይሰለቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር። የማይሰለቸው ነገር ያ ብቻ ነበር። እግሩን አጥቷል፣ ክሱን አጥቷል፣ ልጁን የሚያጣበትን መንገድ ግን በገዛ አፉ አገኘ፤ ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ ይታያል።

ካሲልዳ ሜዲና ውስጥ ኮሌታ የምትሰፋና በዱቄት ሙጫ የምታደርቅ እህት አለቻት። ሰው ትፈልጋለች። አንድ ረቡዕ ጠዋት የጨው ጫኝ ጋሪ በዚያ በኩል ሲያልፍ ሜንሲያ ጥቁር መጎናጸፊያዋን ለብሳ፣ አንዲት ትንሽ ጥቅል ይዛ ወጣች። እኔ ደጃፉን እየጠረግሁ ነበር።

«ልሄድ ነው» አለችኝ። «ነይ ከእኔ ጋር።»

መጥረጊያውን ለቀቅሁ።

«ግን ሎሌ ሆነሽ አይደለም» አለች። «እኔ ራሴ የሰው ሠራተኛ ልሆን ነው፤ ሎሌ ማሳደር አልችልም፣ አልፈልግምም። አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ ሁለት ሴቶች። እመቤቴ እንድትይኝ አልፈልግም። አንቺ በይኝ።»

የጋሪው ነጂ ጉሮሮውን ጠረገ። በቅሎዎቹ ዝንብ ያባርራሉ።

«አንዴ ብቻ በይኝ» አለች፣ ሳቅ ብላ። «ሌላውን መንገድ ላይ እንለምደዋለን።»

በገዛ ጡቴ ያሳደግኋት ልጅ ነች። ጥርስ ስታበቅል ጣቴን ነክሳዋለች። ተኝታ ሳለች ጆሮዋ ሥር ሺህ ጊዜ አንቺዬ ብያታለሁ። የጌቶችን ምላስ ሳላግጥበት፣ መሰላላቸውን ስተፋበት ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። አፌን ከፈትኩ። ቃሉ እዚህ፣ ጥርሴ ጋ ደርሶ ነበር። ታዲያ የጎመን ቅጠል ሰርቃ እንደተያዘች ሴት ዙሪያዬን አየሁ። የጋሪው ነጂ ይሰማል። ካሲልዳ በመስኮት ታያለች።

«እመቤቴ» አልኩ። «ብርድ ነው፣ ይጎናጸፉ።»

ሜንሲያ ፈገግታዋን አልተወችም፤ ብቻ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ሄደ። ጉንጬን ሳመችኝ። «እሺ ቶሪቢያ» አለች። ነጂው እጇን ይዞ ጋሪው ላይ አወጣት። ጋሪው የመንደሩን መቃብር ግንብ እስኪዞር ድረስ ደጋግማ ዞራ አየችኝ፤ እኔም ቃሉን አፌ ውስጥ እንደያዝኩ፣ እንደሚያኝክ ከብት፣ ቆሜ ቀረሁ። ሲሰወር ጊዜ አልኩት። «አንቺ» አልኩ። አቧራው ሰማኝ።

«አንቺ!» ሲል ሰማሁት ዶን ሱዌሮን ከውስጥ፤ ዱላውን ወለሉ ላይ ይደበድባል። «አንቺ ደንቆሮ! ደጃፍ ላይ ማን ነበር?»

መጥረጊያውን አነሣሁ።

«ማንም አልነበረም፣ ጌትነትዎ» አልኩ።